የጦር አውሮፕላን መጽሐፍም እንደ ሐረር ሰንጋ ጥርሱ ታይቶ ይገዛል

አሰቦት ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የከብቱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ሲራመድም ከኋላው ተከትሎ አካሄዱን ይመለከታል። ቆዳው ስላበራ ብቻ ብር የሚቆጥር ነጋዴ በሐረርጌ ምድር ብዙ አይቆይም። የሐረር ሰንጋ ስሙን ያተረፈው በደላላ ወሬ ሳይሆን እንዲህ እየተዳበሰ ነው።

ይኸው ብልህ ነጋዴ አዲስ አበባ ገብቶ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ጭስ እየተፋ የሚወድቅ ጄት ካየ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ አሁን የትም አይገኝም» የሚል ቃልም ከሰማ፣ ገልጦ እንኳ ሳያይ ይከፍላል። ቤቱ ገብቶ ሲያነብ ገዛሁት ያለው የኦጋዴን ጦርነት በሁለት ገጽ ተጠናቆ ያገኘዋል። የቀረው ስለ ሌላ አገር ነው።

የጦር አውሮፕላን ታሪክ መጻሕፍትን መሰብሰብ በውጭው ዓለም የቆየ ገበያ ነው። የራሱ አሳታሚዎች፣ የራሱ ደላሎች፣ የራሱ ሐራጅ አለው። በእኛም አገር ፈላጊ አይጠፋም። በአየር ኃይል ያገለገለና የቤተሰቡ ልጅ አለ፣ ተመራማሪ አለ፣ «ብሬን ከባንክ አውጥቼ ዋጋው በማይረክስ ነገር ላይ ላሳርፈው» የሚል ባለሀብትም አለ። ለሦስቱም የምንለው አንድ ነገር ነው። መጽሐፉን በሚያውቁት መሬት ይፈትኑት። የአሰቦት፣ የሚኤሶና የጭሮ ሰው ደግሞ በዚህ ፈተና ከአዲስ አበባው ገዢ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ እንመልከት። (የአገራችንን ክንውኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ መጻሕፍትን የኅትመት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

ሦስት የአየር ጦርነት በአንድ መንገድ

አሰቦት ከአዋሽ አልፎ ከሚኤሶ በፊት፣ በአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ምሥራቁን የፈለገ ጦር ሁሉ ይህን መስመር ፈልጓል። ጦር ባለበት ደግሞ አውሮፕላን አለ።

የመጀመሪያው የጣሊያን ወረራ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ሐረር ከተማን በቦምብ ደበደቡ። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ከደቡብ የመጣው የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ የወረደው የባዶልዮ ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ።

ሁለተኛው ያ ጦር የወጣበት ዘመቻ ነው። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች። የብሪታንያ ጦር ከዚያ በአሰበ ተፈሪና በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ ገሠገሠ። በዚህ ዘመቻ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ከላይ ሲበር ነበር።

ሦስተኛው አሁንም በሕይወት ያሉ ሰዎች ያዩት የሶማሊያ ወረራ ነው። በ1969 ዓ.ም. የባቡሩ ድልድዮች እየፈነዱ መስመሩ ተቋረጠ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቃች፣ መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ወደቀች፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች። በዚህ ሁሉ መካከል የሰማዩን ውጊያ የተዋጉት ኤፍ-5 እና ሚግ-21 ነበሩ።

እነዚህን ሦስት ጦርነቶች ባንድነት ለመሰብሰብ መነሣት ኪስ ያራቁታል። የመጀመሪያው ምክራችን ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ የሚል ነው። በአንድ ዘመቻ ላይ አሥር ጥሩ መጽሐፍ ያለው ሰው፣ በሁሉም ጦርነት ላይ መቶ ልቅምቃሚ ካለው ሰው የተሻለ ያውቃል፣ ለመሸጥ ሲፈልግም የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ገዢው የሚፈልገው የተሟላ ስብስብ ነውና።

ጥርሱን ማየት ማለት ማውጫውን ማየት ነው

መጽሐፉን ከመጨረሻው ይክፈቱት። ቁም ነገር ያለው የጦርነት ታሪክ መጽሐፍ ከኋላው በፊደል ተራ የተደረደረ የስምና የቦታ ማውጫ አለው። እዚያ ውስጥ የሚያውቁትን ቦታ ይፈልጉ። ድሬዳዋ አለ? ሚኤሶ አለ? አዋሽ አለ? ካለ ገጹን ገልጠው ያንብቡ። ተራራውን በስተግራ ነው ያለው ወይስ በስተቀኝ? ቆላውን ደጋ ብሎታል? ከሚኤሶ ወደ አዋሽ የሚሄደው ሰው መጀመሪያ ጭሮን ያገኛል ብሏል? የእርስዎን አገር እንዲህ ካዛባ፣ እርስዎ የማያውቁትን አገር አስተካክሎ ጻፈ ብለው አይመኑት።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቦታ ስሙን ይለውጣል። ዛሬ ጭሮ የምንላት ከተማ በ1933 ዓ.ም. ዘመቻ መጻሕፍት ውስጥ «አስባ ታፋሪ» ትባላለች። ጣሊያኖች ደግሞ የንጉሡን ስም ለማጥፋት «አስባ ሊቶሪያ» ብለዋት ስለነበር በጣሊያንኛ መጻሕፍትና ካርታዎች የምትገኘው በዚህ ስም ነው። ቢሾፍቱ በንጉሡና በደርግ ዘመን በተጻፉት ሁሉ ደብረ ዘይት ናት። ሚኤሶ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤስ» ይጻፋል። አሰቦትም «አሳቦት» ተብላ ትገኛለች። «ጭሮ የሚል የለበትም» ብሎ ጥሩ መጽሐፍ የመለሰ ሰው በስሙ ብቻ ተታሎ ሰንጋውን ለሌላ ለቀቀ ማለት ነው።

ከማውጫው ቀጥሎ ካርታውን፣ ከካርታው ቀጥሎ የምንጮቹን ዝርዝር ይዩ። ጸሐፊው ማንን አነጋገረ? የየትኛውን ወገን መዝገብ አየ? ምንጭ የሌለው የአየር ውጊያ ታሪክ ደረሰኝ እንደሌለው ዕቃ ነው።

ሽፋን ያሳስታል፤ ሦስት ምሳሌ

ክሪስቶፈር ሾርስ የተባለው እንግሊዛዊ የአየር ጦርነት ታሪክ ጸሐፊ በ1996 ለንደን ላይ ያሳተመው መጽሐፍ «ደስት ክላውድስ ኢን ዘ ሚድል ኢስት» ይባላል፤ በመካከለኛው ምሥራቅ የአቧራ ደመና እንደ ማለት ነው። ርዕሱን ብቻ ያየ ኢትዮጵያዊ ገዢ አልፎት ይሄዳል። በውስጡ ግን በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የተደረገው የአየር ጦርነት የብሪታንያም፣ የደቡብ አፍሪካም፣ የጣሊያንም አውሮፕላኖች ተጠቅሰው ተዘርዝሯል። ርዕሱ የደበቀው ምርጥ ዕቃ ነው። ሾርስ ከዚህ ቀደም በ1979 በዚሁ ዘመቻ ላይ ያሳተመው የጣሊያንኛ መጽሐፍ አለ፤ አብሮት የጻፈው ኮራዶ ሪቺ በምሥራቅ አፍሪካ የተዋጋ ጣሊያናዊ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነው። የሁለት ባላንጣ አገር ሰዎች አንድ ላይ የጻፉት መጽሐፍ ሁልጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው ቶም ኩፐር በ2015 ያሳተመው «ዊንግስ ኦቨር ኦጋዴን» ነው። በእንግሊዝኛ በኦጋዴን የአየር ጦርነት ላይ ብቻ ከተጻፉት ጥቂት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ፎቶግራፉና የአውሮፕላኖቹ ሥዕል ብዙ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ጦርነቱ የተደረገው ከ1978 እስከ 1979 ነው ይላል። ወረራው የጀመረው በ1977 ክረምት መሆኑን፣ ጅጅጋም የተመለሰችው በመጋቢት 1978 መጀመሪያ መሆኑን የሐረርጌ ሰው ያውቃል። መጽሐፉ በዚህ ምክንያት የማይገዛ አይሆንም። ሽፋንን ማመን ግን እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሦስተኛው ስለ ጆን ሮቢንሰን ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ በ1935 ከቺካጎ መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ በረረ፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ቶማስ ሲመንስ ስለ እሱ በ1988 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2013 ደግሞ ስለዚሁ ሰው በተቀራራቢ ርዕስ ሌላ አወጣ። ፊሊፕ ቶማስ ታከር የተባለ ሌላ ጸሐፊም በ2012 የራሱን ጽፏል። «የሮቢንሰን ታሪክ» ብሎ በስልክ የሚያዝ ሰው የጠበቀው ሳይሆን ሌላው ሊመጣለት ይችላል። ሲያዙ የጸሐፊውን ስም፣ ሙሉ ርዕሱንና ዓመቱን አብረው ይንገሩ።

ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው?

የአየር ጦርነት መጽሐፍ ጸሐፊ አራት ዓይነት ነው፤ አራቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው።

አንደኛው የበረረው ሰው ራሱ ነው። እሱ ያየውን ማንም አላየም። ግን ከመቀመጫው ሆኖ ያየው በጣም ጥቂት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሲያስታውስ ደግሞ ጥቂቱም ይደበዝዛል። አንዳንዱም ሳያፍር የበደለውን ያጫውታል። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ጥሎ ሲመለስ በ1937 «ቮሊ ሱለ አምቤ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በአምቦች ላይ በረራ ማለት ነው። ድብደባውን እንደ መዝናኛ በመተረኩ በዓለም ሁሉ ተወግዟል። ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። የሚገዛውም እንደ ማስረጃ ነው፤ ገዳይ ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ነውና።

ሁለተኛው ጋዜጠኛ ነው። የለንደኑ «ታይምስ» ዘጋቢ የነበረው ጆርጅ ስቲር በ1936 ያሳተመው «ሲዘር ኢን አቢሲኒያ» ጦርነቱ ትኩስ እያለ የተጻፈ ነው። ስቲር አገሩን ተዘዋውሮ አይቷል፣ ሐረርንም ያውቃል። ቅርበቱ ጥቅሙ ነው፤ የጠላትን መዝገብ ለማየት አለመቻሉ ጉድለቱ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥት ወይም የጦር ኃይል ታሪክ ነው። ቀንና ቁጥሩ ብዙ ነው፤ አሳፋሪውን ግን ያስቀራል። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ከዚያ በፊት አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ እውነቱን በመጻፉ ለብዙ ዓመታት ከአገሩ ሰዎች ስድብ ሲቀበል ኖሯል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የመጣ፣ በቆዳ የተጠረዘ፣ ባለ ወርቅ ፊደል የጣሊያን የአየር ኃይል መጽሐፍ ካገኙ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ይፈልጉበት። ከሌለው ለመደርደሪያ ውበት ይግዙት እንጂ ለእውቀት ዴል ቦካን አብረው ያስቀምጡ።

አራተኛው ተመራማሪ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ላይ ገብሩ ታረቀ በ2009 በየል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት የኢትዮጵያ አብዮትና የአፍሪካ ቀንድ ጦርነት መጽሐፍ ዋነኛው ነው። የአውሮፕላን መጽሐፍ አይደለም፤ የሚግና የኤፍ-5 ሥዕል ፈልጎ የገዛው ያዝናል። ነገር ግን አውሮፕላኖቹ ለምን እንደተነሡና ምን እንዳስገኙ የሚነግር እሱ ነው። ያለ እሱ የኩፐርን መጽሐፍ ማንበብ ያለ ሚዛን ቡና እንደ መግዛት ነው።

በአማርኛ የታተሙትን አንርሳ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያ ክፍል በ1965 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በወረራው ዘመን ከሰማይ የወረደውን መከራ ከንጉሡ አንደበት ይነግራል። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004 ዓ.ም. ታትሟል። እነዚህ የፖለቲካ ሰዎች መጻሕፍት ናቸው፤ ሰማዩን የሚያዩት ከቤተ መንግሥት ነው። ቢሆንም ከውጭው መጽሐፍ ጎን ሲቀመጡ ውጩ ያላየውን ያሳያሉ።

የወደቁትን አውሮፕላኖች ሲቆጥሩ ይጠንቀቁ

ገዢን የሚያሞቀው «በዚህ ቀን ይህን ያህል ሚግ ጣልን» የሚለው ገጽ ነው። ሻጭም የሚገልጥልዎ ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በየትኛውም አገር የአየር ጦርነት ውስጥ አብራሪዎች መጣላቸውን የሚናገሩት ቁጥርና ጠላት ማጣቱን የሚያምነው ቁጥር አይገጣጠምም። የኦጋዴን ጦርነትም ከዚህ አልተለየም፤ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ቁጥሩ ይለያያል። ጥሩ ጸሐፊ የሁለቱንም ወገን ቁጥር አስቀምጦ ልዩነቱን ይነግርዎታል። መጥፎ ጸሐፊ አንዱን ብቻ እንደ ፍርድ ያቀርባል።

ሌላም ቀላል መፈተኛ አለ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚዋጋው በአሜሪካ ሠራሽ ጄቶች፣ በተለይ በኤፍ-5 ነበር፤ ከብሪታንያ የተገዙ ካንቤራ ቦምብ ጣዮችም ነበሩት። ሚግ የነበራት ሶማሊያ ናት። ሶቪየት ኅብረት ወገን ቀይራ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማጉረፍ የጀመረችው በኋላ ነው። ሶማሊያም የሶቪየቶችን ውል ያፈረሰችው በኅዳር 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ ክረምት የኢትዮጵያን ሚግ ከሶማሊያ ኤፍ-5 ጋር የሚያዋጋ መጽሐፍ ካጋጠመዎ ቀስ ብለው ወደ ቦታው ይመልሱት።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ያሳስታል። በአማርኛ መጽሐፍ «1970» የሚለው በእንግሊዝኛው 1977 እና 1978 ነው። ተርጓሚ ሳያስተውል አንዱን ወደ ሌላው ካሻገረው ጦርነቱ በሰባትና በስምንት ዓመት ይሸሻል። አንድ የታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ ጅጅጋ የተመለሰችበትን የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ይያዙ፤ በእንግሊዝኛው ማርች 5 ቀን 1978 ነው። መጽሐፉ ይህን ከሳተ ሌላውንም ቀን በጥርጣሬ ይዩት።

ዋጋውን ምን ይሠራዋል?

የአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ በዕድሜው ይወሰናል የሚለው ወሬ ነው። ዋጋውን የሚሠሩት አራት ነገሮች ናቸው፦ ፈላጊው፣ የቀረው ብዛት፣ እትሙና ይዞታው። ብርቅ ሆኖ ፈላጊ የሌለው መጽሐፍ ብርቅ ሸክም ነው።

እትሙን ለማወቅ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ገጽ ያንብቡ። የታተመበት ዓመትና ስንተኛ እትም እንደሆነ እዚያ አለ። መጽሐፎች የሚለዩበት አይኤስቢኤን የተባለው ቁጥር በሥራ ላይ የዋለው በ1970 አካባቢ ነው፤ ባለ 13 አኃዝ የሆነው ደግሞ ከ2007 ወዲህ ነው። እንግዲህ «የ1968 የመጀመሪያ እትም» ተብሎ የቀረበልዎ መጽሐፍ 13 አኃዝ ታትሞበት ከሆነ ዳግም ኅትመት ነው። ኒል ኦርፐን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ በ1968፣ ጄምስ አምብሮዝ ብራውን ስለ ደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል በ1970 ያሳተሟቸው መጻሕፍት በዚህ መንገድ መታየት አለባቸው።

ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ከላዩ የሚለብሰው የወረቀት ልባስ አለ። ብዙ ሰው ተቀደደ ብሎ ይጥለዋል። በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ ያ ወረቀት መኖሩና አለመኖሩ ዋጋውን በእጅጉ ይለያየዋል። ቢቀደድም አይጣሉት፣ በፕላስተርም አይለጥፉት።

አሁን ስለ ምንዛሪ። አብዛኛው የዚህ ዘርፍ መጽሐፍ የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከመፈቀዱ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 30 ዶላር የተተመነ መጽሐፍ ቀድሞ 1,710 ብር የነበረው 3,000 ብር ደረሰ ማለት ነው፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ገና አልታሰበም። አሮጌ ክምችት የያዘ ሻጭ በዚህ ደስ ሊለው ይችላል። ገዢ ግን አንድ ነገር ያስብ። ከኅትመት ውጭ የሆነ መጽሐፍ ዋጋው ከፍ ብሎ ሳለ አሳታሚው በድንገት መልሶ ሊያትመው፣ ወይም በኤሌክትሮኒክ መልክ ሊሸጠው ይችላል። ያን ቀን ለንባብ ብቻ ይፈልግ የነበረው ገዢ ሁሉ ይበተናል፤ የሚቀረው ዋናውን እትም የሚፈልገው ሰብሳቢ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለባለሀብቶች ግልጽ እንሁን። መጽሐፍ እንደ ሰሊጥ ዛሬ ተጭኖ ነገ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ገዢው ጥቂት ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ከቶ ብድር ተወስዶ አይገዛም። ለዕለት ወጪ የማይፈልጉት ገንዘብ ካለዎና ማንበብም የሚወዱ ከሆነ ግን ባይሸጥም ያልከሰረ ግዢ ነው።

ፎቶ ኮፒ፣ ማኅተምና ምስጥ

በአገራችን ገበያ ፎቶ ኮፒ ተነሥቶ፣ ባለ ቀለም ሽፋን ለብሶ፣ በጥሩ ጥራዝ እንደ ዋና የሚሸጥ አለ። ለመለየት ፎቶግራፉን ይመልከቱ፤ ፊቱ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ከጠፋ ቅጂ ነው። ወደ መሐል ጥራዙ የተጠጉት ቃላት ተጣምመው ከሆነም ቅጂ ነው። ለንባብ ይበቃል ይሉ ይሆናል፤ ሕጋዊ አለመሆኑን ግን ይወቁ፤ እንደ ሀብት ዋጋ የለውም።

የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ ከስብስቡ መሰረዙን የሚያሳይ ምልክት ሳያዩ አይግዙ። የበረራ መዝገብ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወይም የፎቶ አልበም ከቀረበልዎ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የአብራሪው ቤተሰብ ራሱ ከሆነ የሚሸጠው በጽሑፍ ይቀበሉ። ባለቤቱ ያልታወቀ ሰነድ ዛሬ ርካሽ ነው፣ ነገ ፍርድ ቤት ያቆማል።

«መጽሐፍ አይበሰብስም» የሚል ሰው ቆላ አልኖረም። በአሰቦትና በሚኤሶ ሙቀት፣ አቧራና ምስጥ መጽሐፍን ይጨርሳሉ። መደርደሪያውን ከግድግዳና ከመሬት ያርቁት፣ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ በላስቲክ አፍነው አይዝጉት። በወር አንድ ጊዜ እያወጡ ማራገፍ ብልንም ምስጥንም ሳይዘልቁ ለማየት ይረዳል። የዋጋ ዝርዝር በእስክሪብቶ ገጹ ላይ አይጻፉ፤ ብዙ ጥሩ መጽሐፍ በነጋዴ ሒሳብ ተበላሽቷል።

ሳይገዙ መመርመር የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርን ቢያይ ይጠቅመዋል። መጽሐፉን እዚያ አንብቦ ወደ ሻጭ የሚሄድ ሰው አይታለልም። የምዕራብ ሐረርጌ ተወላጅ ደግሞ ስብስቡ ሲደራጅ ጭሮ ያለውን ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲን እንደ አንድ ተቀባይ ያስብ።

ያልተጻፈው መጽሐፍ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የሚቆጨን ነገር አለ። ስለዚህ ሰማይ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ በውጭ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። ለገሠ ተፈራ በኦጋዴን ጦርነት በረረ፣ ተመትቶ ወደቀ፣ በሶማሊያ እስር ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ማቀቀ። በዛብህ ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ ተማረከ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የተማረከው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት አሥመራ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሕይወት በሌላ አገር ቢሆን በየመደርደሪያው በአምስት ዓይነት መጽሐፍ ተደርድሮ ይገኝ ነበር። በእኛ አገር ግን በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ሰውም ወረቀትም አብሮ ተበተነ።

ሰማዩን ከታች ያየው ሰውም አልጻፈም። በ1969 ዓ.ም. ድልድዩ ሲፈነዳ የሰማ የሐዲድ ሠራተኛ፣ የጄት ድምፅ ሲመጣ ከብቱን ወደ ጥሻ የነዳ እረኛ፣ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ አሰቦት ውስጥ ሻይ ይጠጣል። የኩፐርን መጽሐፍ ይዘው አጠገቡ ቢቀመጡ፣ ገጽ እየገለጡ «ይሄ እውነት ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ በእርሳስ የሚጽፉት ማስታወሻ ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጥ ይሆናል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነገረዎት አብረው ይጻፉ፤ በተለየ ደብተር ላይ ያድርጉት፣ መጽሐፉንም አያበላሹ።

እንግዲህ ለሚገዛ ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አንድ ጦርነት ይምረጡ። ከመጨረሻው ገልጠው የሚያውቁትን ቦታ በአሮጌ ስሙም በአዲስ ስሙም ይፈልጉ። ጸሐፊው ከየት ሆኖ እንዳየ ይጠይቁ። እትሙንና ይዞታውን ይመርምሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ዋጋ ይጥሩ። ይህን የሚያደርግ ገዢ ሻጩ የነገረውን ሳይሆን ዓይኑ ያየውን ይከፍላል። አሰቦት ላይ ሰንጋ ሲገዛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።